ተከሳሻችንን ከአየር ማረፊያ ለመለሱብን ክቡር ኃላፊ

ለእንግዶች መግቢያና መልካም ገጽታ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የደብረ ብርሃን ውርጭ ከጉልበትዎ አልፎ እንዳይገባብዎ፣ ቢሮዎ ሙቅ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ የሚደርስልዎ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያነቡትም ሁሉ የማያስቆጣዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የመጨረሻው ምኞቴ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሮ የሚሄድ ስላልሆነ ግን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምሥራቅ ወልደተንሣኤ እባላለሁ። አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ የምትገኝ አንዲት ምግብ ቤትና ጥቂት የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎች አሉኝ። እርስዎ አያውቁኝም። ይሁን እንጂ በቅርቡ ያወጡት መግለጫ ስለ ቤተሰቤ ክብር ምን ያህል እንደሚጨነቁ ስለሚያስረዳ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው ምስጋና ሳያቀርቡ ዝም ማለት ነውር ሆኖ ታየኝ። ምስጋናዬን በአደባባይ ማድረጌም እርስዎ የሠሩልንን ሥራ በአደባባይ ስለሠሩት ነው።

ነገሩን ያልሰማ አንባቢ ቢኖር እንዳይቸገር ከመነሻው ልጀምር። በደብራችን አንድ ትልቅ ደወል አለ። በአያቶቻችን አባቶች ዘመን ከባሕር ማዶ መጣ፤ በግመል ተጭኖ አልዩ አምባ ደረሰ። ግመል የአንኮበርን ዳገት አይወጣምና እዚያው ወረደ። ከአልዩ አምባ እስከ ደብሩ ድረስ ያን ደወል ማን አወጣው የሚለው ጥያቄ ነው እንግዲህ መንግሥት ድረስ የደረሰው።

አባቴ አቶ ወልደተንሣኤ ባየው፣ ወደ አንኮበር ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ የአገሩን ታሪክ ሲያወሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት ደወሉን ያወጡት አያታቸውና የሠፈራቸው ሰዎች ናቸው፤ በወፍራም እንጨት አንጠልጥለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ እየዘመሩ። የአልዩ አምባው የበቅሎ ነጋዴ አቶ ዓወል፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ዓወል የምላቸው ሰው፣ ይህን አይቀበሉም። ደወሉን ያወጡት የአያታቸው በቅሎዎች ናቸው፤ የአንኮበር ሰዎች የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ጠብቀው ጭነቱን ከሙስሊሞቹ በቅሎ ነጂዎች ከተቀበሉ በኋላ፣ ሕዝብ በሚያይበት ቦታ ብቻ ተሸክመውት ገቡ ይላሉ። ሁለቱ ሽማግሎች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ነው ያደግሁት። አባቴ «የአያትህ በቅሎ ያን ደወል ተሸክማ ቢሆን ልጆቿ ሁሉ ጎባጣ ሆነው ይወለዱ ነበር» ሲሉ፣ ጋሼ ዓወል ምስር ወጣቸውን እያጣቀሱ «በቅሎ እንደማትወልድ እንኳ የማያውቅ ሰው ስለ በቅሎ ይመሰክራል» ብለው ይመልሱ ነበር። ከዚያ ይስቃሉ፤ ጋሼ ዓወልም ከመምሸቱ በፊት ቁልቁለቱን ይያያዙታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዶክተር ሩበን ሆልት የሚባል የውጭ አገር ታሪክ ተመራማሪ እኔ ቤት አረፈ። አክብሮቴን ሁሉ ለእርስዎ ስላዋልኩት ስለ እሱ በአንቱታ አልጽፍም። ረጅም ነው፣ ብርድ አይችልም፣ አማርኛው ቀስ ብሎ የሚሄድ ግን የሚደርስ ነው። ሁለቱንም ሽማግሎች አዳመጠ፤ አባቴም ወደዱትና ሲሄድ ጋቢ አለበሱት። አገሩ ገብቶ መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ስለ ደወሉ ለጋሼ ዓወል ፈረደ፤ ይሁን፣ መፍረድ መብቱ ነው። ነገር ግን ፍርዱ አልበቃ ብሎት «አቶ ወልደተንሣኤ ሲያወሩ መስማት ያስደስታል፤ ያወሩትን ማመን ግን ግዴታ አይደለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የወንድሜ ልጅ ፀደንያ ናት ለአባቴ እየተረጎመች ያነበበችላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ያችን ዓረፍተ ነገር እንድትደግምላቸው ጠየቋት። ከዚያን ቀን ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ጀርባቸውን ለደጁ ሰጥተው መቀመጥ ጀመሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሩ የኖሩ ሰው ስለ ደወሉ ሲጠየቁ «ልጄን ጠይቋት» ይሉ ጀመር። እኔ እንደ ልጅ ይህን ማየት ምን ያህል እንደሚያም ልነግርዎ አልችልም። በመጨረሻ አንድ ቀን በራሳቸው አንደበት «ይምጣና ፊት ለፊት ይበለኝ» አሉ። ጻፍኩለት። ባልጠበቅሁት ሁኔታ እመጣለሁ አለ። ከዚህ በኋላ ያለውን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ ፌስቡክ ላይ ደወሉን አይተውት የማያውቁ ጥቂት ሰዎች ጮኹ፣ እርስዎ ጩኸቱን ሰሙ፣ ዶክተሩም አየር ማረፊያ እንደደረሰ በመጣበት አውሮፕላን ተመለሰ።

እንግዲህ ምስጋናዎቼ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ የአባቴን ስም ስለጠበቁልን። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ውድ፣ ወፍራምና አሰልቺ ነበር። በአንኮበር ያነበበችው ፀደንያ ብቻ ስትሆን እሷም ያነበበችው ስለ ደወሉ የሚያወራውን ምዕራፍ ብቻ ነው። መግለጫዎ ግን ዶክተሩ ለምን እንደተከለከለ ሕዝቡ እንዲረዳ በማሰብ የተናገረውን ነገር አንድም ሳያስቀር፣ ባማረ አማርኛ፣ የአባቴን ስም እስከ አያት ጠርቶ በሬዲዮ አሰማልን። ደወላችን መኖሩን ሰምተው የማያውቁ የለሚ ሰዎች ዛሬ አባቴ ውሸታም ተብለው መሰደባቸውን ያውቃሉ። ደነባ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አልታየች ደውላ «ወልደተንሣኤን ምን ነካቸው» ብላ አልቅሳልኛለች። ዶክተሩ ዕድሜውን ሙሉ ቢደክም ይህን ያህል አንባቢ አያገኝም ነበር፤ በእሱም ስም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰላማችን። ዶክተሩ ቢገባ ኖሮ «ያልተፈለገ ግጭት» ሊፈጠር ይችል እንደነበር መግለጫዎ ያትታል። ክቡርነትዎ፣ ግጭቱ ተፈልጎ ነበር። ቀን ተቆርጦለት፣ ቦታ ተመርጦለት፣ በግ ተገዝቶለት ነበር። አባቴ ከአባታቸው በወረሱት የድሮ ሥርዓት መሠረት ከሳሽና ተከሳሽ የጋቢያቸውን ጫፍ አንድ ላይ ይቋጥራሉ፤ ቁራኛ ይባላል። ተቋጥረው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ለሽንት ሲወጣ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቃል። መንገድ ላይ ያገኙትንም ሰው «በሕግ አምላክ» ብለው ያስቆሙና ዳኛ ያደርጉታል፤ ያ ሰው ገበሬም ይሁን ነጋዴ፣ ሥራው ሁለቱም ተናግረው እስኪጨርሱ ተቀምጦ መስማት ነው። እርስዎ ከፈሩት ግጭት ጋር ሳወዳድረው ይህኛው ሰላማዊ ይመስለኛል፤ አንድ ጋቢ ለብሶ መደባደብ አይመችም፣ ደግሞም የመታኸው ሰው ምሳ ላይ አጠገብህ ነው የሚቀመጠው። ዶክተር ሩበንም ለመቋጠር ፈቃደኛ ነበር። የአልዩ አምባ ሰዎች ሊወጡ፣ የጎረቤላ ሰዎች ሊሰበሰቡ፣ ግቢዬ ካለው ወይራ ሥር አግዳሚ ሊደረደር ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።

ስለ በጎቹ ለብቻ ላንሣ። ከመዘዞ ሁለት ሙክት አስመጥቼ ነበር፤ አንዱ በእኛ ወገን፣ አንዱ በእነ ጋሼ ዓወል ወገን በቢስሚላህ የሚታረድ፣ ቢላው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ወጉ ግን አንድ ላይ። ድግሱ በመቅረቱ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ግቢዬ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ አንዳቸው በአንዳቸው ሃይማኖት ሳይገቡ ይኖራሉ። መግለጫዎ እጠብቀዋለሁ ያለውን የአብሮ መኖር እሴት በዓይኔ ያየሁት እነሱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ዕድሜያቸውን ስላራዘሙላቸው ምስጋናቸውን እንዳደርስ ግዴታ አለብኝ።

ሦስተኛ፤ አጭር ነገር ነው። ዶክተሩ በስልክ እንደነገረኝ፣ የእርስዎ ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው ሠራተኞች ሻንጣውን ሲከፍቱ አባቴ የሰጡትን ጋቢ አገኙ። ምን ያደርግልሃል ቢሉት በዚያ ቀስ በሚለው አማርኛው «ከከሳሼ ጋር የምቋጠርበት ነው» አለ። ሠራተኞቹ ተያይተው ወደ አለቃቸው ሄዱ። በገዛ ፈቃዱ ሊከሰስ፣ ያውም የሚታሰርበትን ጋቢ ራሱ ይዞ፣ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው አይተው ስለማያውቁ አልፈርድባቸውም።

አራተኛ፤ ስለ ነፃነት ያስተማሩን ትምህርት ጥልቅ ነው። መግለጫዎ «ግለሰቡ በአገሩ የፈለገውን የመናገር መብት አለው» ይላል። እውነት ነው፤ እየተናገረም ነው። ከተመለሰ ወዲህ ስለ ደወላችን በኢንተርኔት ንግግር አድርጓል፣ ወጣቶቻችን ፀጉር ቤት ቁጭ ብለው በቴሌግራም ይቀባበሉታል፤ ድሮ ስለ ደወሉ ግድ ያልነበረው ጎረምሳ ሁሉ «የተከለከለው ሰውዬ» እያለ ይፈልገዋል። ስለዚህ ምን እንደከለከሉ ብዙ አሰብኩ። አፉ አልተከለከለም፤ አፉ ከእኔ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ድረስ ይደርሳል። የተከለከለው ጆሮው ነው። አባቴ ሊመልሱለት የተዘጋጁት ነገር የሚገባበት ጆሮ ነው ከአየር ማረፊያ የተመለሰው። አንድ ሰው ሰድቦኝ ሲያበቃ እኔ ለመመለስ አፌን ስከፍት፣ ሦስተኛ ሰው መጥቶ «እኔ አለሁልሽ» ብሎ በሩን ቢዘጋው፣ ያ ሰው ለእኔ እንደቆመልኝ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ያስፈልገኛል። አሁንም እየሞከርኩ ነው።

አምስተኛውን ስጽፍ ጨዋታው ይቀርብኛል፤ ይታገሱኝ።

ዶክተሩ ከተመለሰ በኋላ ቢሮዎ «የተሳሳተ መረጃ ለውጭ ዜጋ የሰጡ ግለሰቦችን» ማነጋገር ጀመረ። ጋሼ ዓወል ተጠሩ። ምን እንደተባሉ አልነገሩንም። ከዚያ አንኮበር አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ ማይክሮፎን ተሰጣቸው፣ እኚያ በአልዩ አምባ ገበያ ሲጣሩ ድምፃቸው ከዳገቱ አጋማሽ የሚሰማ ሰው፣ ማይክሮፎን ይዘው እንኳ በማይሰማ ድምፅ «ስለ ደወሉ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፣ እጄ ከሰው እጅ ጋር ሄዶ። አባቴ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። አላጨበጨቡም። ስብሰባው ሲያበቃ ጋሼ ዓወል በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አንኮበር አልመጡም። በቅሎዎቹን የሚያመጣው ልጃቸው አብዱልሀፊዝ ነው። «አባባን ጉልበታቸውን አሟቸዋል» ይለኛል፤ ሲለኝ ግን ዓይኔን አያየኝም።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዓይነት አባቴ ረቱ። ተከሳሽ በሌለበት፣ ምስክሩ አፉን በያዘበት፣ ዳኛ ሳይቀመጥ፣ በመግለጫ ረቱ። እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ስሞክር የመለሱልኝን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፤ «ዓወል የሚያውቀውን ሲናገር የተነካው የእኔ ስም ነበር። አሁን የሚያውቀውን አላውቅም ሲያሰኙት የነኩት እሱን ነው። ስሜ ይቅርብኝ፣ ሰውዬውን መልሱልኝ።» ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። እኔ አባቴን ሲቆጡ አይቻለሁ፣ ሲያዝኑም አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሲያፍሩ ግን አይቼ አላውቅም፤ ያውም እሳቸው ባላደረጉት ነገር።

ባለፈው ሳምንት ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። መኪና ይቀርብልዎ ብላቸው «ደወሉ በወጣበት እወርዳለሁ» ብለው በአብዱልሀፊዝ በቅሎ ቁልቁለቱን ወረዱ፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ምግብ ቤት ቆሜ የዋልኩ ሴትዮ ከኋላ በእግሬ እየተንሸራተትኩ ተከተልኩ። አልዩ አምባ ጋሼ ዓወል ደጅ ስንደርስ አባቴ ከበቅሎዋ ሳይወርዱ «በሕግ አምላክ» ብለው ተጣሩ። ጋሼ ዓወል ሽርጣቸውን እያጠበቁ ወጡ። ጉልበታቸው ደህና ነው።

«ደወሉን ያወጣው አያቴ ነው። በል ካድ» አሏቸው አባቴ።

ጋሼ ዓወል መንገዱን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። የሚሰማ ሰው መኖሩን እያዩ መሆናቸው ገባኝ፤ በገዛ ደጃፋቸው፣ በዚያ ዕድሜ። ከዚያ «ወላሂ ያንተ አያት አላወጣውም» አሉ። «የአያቴ በቅሎዎች ናቸው ያወጡት። አያትህ ጫፍ ላይ ነው የተቀበለው፣ ያውም ሲያለከልክ።» ድምፃቸው ተመልሶ ነበር። የአባቴ ዓይን እንባ ሞላ፣ የእኔም። አባቴ እየሳቁ ከበቅሎዋ ወረዱና የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉላቸው።

ይህን በአደባባይ እንድጽፍ ጋሼ ዓወልን አስፈቅጃለሁ። «ጻፊው፣ ብቻ የበቅሎዎቹን ነገር እንዳታበላሺው» ነው ያሉኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ከምስጋና በተጨማሪ ጥሪም ነው። እንግዳው ተከሳሽ በእርስዎ ብርታት ስለራቀብን፣ ሁለቱ ሽማግሎች የፊታችን ሰኞ ጠዋት እንደተቋጠሩ ደብረ ብርሃን ይመጣሉ፤ ቢሮዎ በር ላይ ቆመው በሕግ አምላክ ሲሉ ለዳኝነት የተመረጡት እርስዎ መሆንዎን ይወቁት። አይጨነቁ፣ የታሪክ እውቀት አይጠየቁም። የሚጠየቁት ከዚህ በፊት አድርገውት የማያውቁትን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ተናግረው እስኪጨርሱ መስማት። ከመቀመጥዎ በፊት ማን እንደሚረታ ሊነግሩን አይፍጠኑ። እኔ አላውቅም። አባቴም ትናንት ማታ እጃቸውን ሲታጠቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓወል ሊረታኝ ይችላል እኮ» ብለውኛል፤ ሲሉኝ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ዶክተር ሩበንም ከአገሩ ሆኖ በፀደንያ ስልክ ይሰማል፤ የእሱን ጆሮ ቢያንስ በዚህ በኩል ለማስገባት ፈቃድዎን አልጠየቅንም።

ብይኑ ካለቀ በኋላ ወደ አንኮበር ብቅ ይበሉ። በጎቹ ይጠብቁዎታል፤ ምንም እንኳ ዕድሜያቸውን ስላራዘሙላቸው ቢወዱዎት፣ ያን ቀን መታረዳቸው አይቀርም።

ስለ ስማችን፣ ስለ ሰላማችንና ስለ ጆሯችን ሳንጠይቅዎ ለሚደክሙት ድካም ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ከእንግዲህ ግን ትንሽ እንዲያርፉ በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣

ምሥራቅ ወልደተንሣኤ
ተከሳሻቸውን ያጡት የከሳሹ ልጅ
ጎረቤላ፣ አንኮበር

ማስታወሻ፦ በቢሮዎ መግቢያ የጥበቃ ሠራተኛው ባለጉዳይን አንድ በአንድ እየፈተሸ እንደሚያስገባ አይቻለሁ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆነ በበሩ አያልፉምና እባክዎ አስቀድመው ይንገሩት። ምናልባት እንደ ልማድዎ አንዱን አስገብተው አንዱን ለመመለስ ካሰቡ ደግሞ፣ ጋቢው የአባቴ ቢሆንም ቋጠሮውን የቋጠሩት ጋሼ ዓወል መሆናቸውን ላስታውስዎ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ላይ ጭነት ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዳገቱ ሳያልቅ የሚፈታ ቋጠሮ ቋጥረው አያውቁም።